መስከረም ወደ ሞያሌ ሲወርድ

እንግዲህ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ከበሩ አጠገብ ያላችሁም ዱካውን ሳቡና ተቀመጡ፤ ዛሬ የምነግራችሁ የመንገድና የዝናብ ወሬ ነውና ለችኩል ሰው አይሆንም። ከአዲስ አበባ ሞያሌ ወደ 770 ኪሎ ሜትር ነው። ዛሬ አስፋልቱ ከወዲያ ማዶ እስከ ናይሮቢ ተያይዟል፣ መኪናውም ይፈጥናል፤ ሆኖም መስከረምን በደንብ ማየት የፈለገ ሰው ቀስ ብሎ ቢወርድ ይሻለዋል።

መንገደኛው የእንቁጣጣሽ ቄጠማ ከወለሉ ሳይነሳ በማለዳ ተሳፍሮ ይነሳል፤ ሞጆን ሲያልፍ ግራና ቀኙ ጤፍ ነው፣ ከዚያም መቂና ዝዋይ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የጫነ መኪና መንገዱን ያጣብበዋል፣ ከዚያም ሻሸመኔ ላይ ካፊያ መስኮቱን ይመታል፣ ሐዋሳ ላይ ሴቶች የበቆሎ እሸት ጠብሰው ያቀብሉታል፣ እሱን እየፈለፈለ ዲላ ይደርሳል፤ ዲላና ይርጋ ጨፌ ላይ እንሰቱና ቡናው ከጥላው ዛፍ ጋር ተደራርቦ ሰማዩን ይጋርደዋል፣ ከዚያም ሀገረ ማርያም ላይ ጉሙ ይወርድና ሹፌሩ በቀን መብራት አብርቶ ይነዳል። ይህን ሁሉ ያየ ሰው በልቡ አንድ ነገር ይደመድማል፤ አገሩ ጠግቧል፣ ክረምቱ ሥራውን ጨርሶ ሄዷል፣ ከእንግዲህ መሰብሰብ ነው ይላል።

ከዚያም ቁልቁለቱ ይጀምራል። ጉሙ ወደ ኋላ ይቀራል፣ አፈሩ ይቀላል፣ ግራሩ ቅጠሉን አራግፎ እሾሁ ብቻ ይቀራል፣ ከሰው ቁመት በላይ የወጣ ኩይሳ በየሜዳው ይቆማል። በያቤሎ ዙሪያ፣ እስከ ሜጋና አረሮ ድረስ፣ ከዚህ አካባቢ ውጭ በዓለም ላይ የትም የማይገኝ አንድ ግራጫ ቁራ አለ፤ የዐይኑ ዙሪያ ሰማያዊ ነው፤ ከመኪናው ወርዶ ያላየው ሰው ይቆጨዋል። ከዚያ ዱብሉቅ፣ ከዚያ ብርዳሟ ሜጋ፣ ከዚያም ሜዳው ሜዳ እየሆነ ይሄድና ሞያሌ። መንገድ ዳር አህያዋን ቢጫ ጀሪካን የጫነች ሴት ትታያለች፤ ከኋላዋ አቧራ። መንገደኛውም ግራ ይገባውና ጎኑ ያለውን የአገሬውን ሰው «ወንድሜ፣ ክረምቱ እዚህ አልደረሰም እንዴ?» ብሎ ይጠይቀዋል። የአገሬው ሰው ፈገግ ይላል። «የእኛ ዝናብ ገና መንገድ ላይ ነው» ይለዋል።

የወሬዬ ሁሉ ሥር ይህቺ መልስ ናት። ደጋው ዝናቡን ሲሸኝ ቆላው ሊቀበል ይዘጋጃል። ከደጋ የመጣ ሰው፣ ሠራተኛ ይሁን ነጋዴ ወይም በጓሮው ጥቂት ዘር ሊጥል ያሰበ አባወራ፣ መስከረምን በደጋው ልማድ ከቆጠረ ዓመቱን ሙሉ ሲሳሳት ይኖራል።

የቦረና ሰው ዓመቱን በአራት ይከፍለዋል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ትልቁ ዝናብ ነው፣ ገና ይሉታል፤ ከዓመቱ ዝናብ ከግማሽ በላዩ የሚወርደው ያኔ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ አዶሌሳ ነው፤ ሰማዩ ይደምናል፣ ብርዱ ይነክሳል፣ ነፋሱ አቧራ ያነሳል፣ ዝናብ ግን የለም። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ሃገያ ነው፣ ትንሹ ዝናብ፤ ሶማሌዎቹ ጎረቤቶቻችን ደይር የሚሉት ይኸው ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ቦና ነው፤ ፀሐይና ንዳድ። እንግዲህ አስቡት፤ በደጋ ወንዝ ሲሞላ እዚህ ከብቱ አዶሌሳን ተሻግሮ ጎድኑ ወጥቷል፣ ኩሬው ጭቃ ሆኗል፣ ላሚቱም ለጥጃዋ እንጂ ለልጆቹ የሚተርፍ ወተት የላትም።

ለምን እንዲህ ሆነ ያላችሁኝ እንደሆነ፣ ነገሩ የፀሐይ ነው። የዝናቡ መቀነት ፀሐይን ተከትሎ ይወጣል፣ ተከትሎ ይወርዳል። በሰኔ ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትርቅ ዝናቡም አብሯት ሄዶ ጎጃምና ወሎ ላይ ይወርዳል፣ በእኛ ላይ የሚያልፈው ግን ኃይለኛ ነፋስ ብቻ ነው። ከዚያም ፀሐይ ትመለሳለች። መስከረም 4 ቀን አካባቢ ሞያሌ ላይ ልክ አናት ላይ ትቆማለች፤ ከስድስት ሰዓት ጥቂት እንዳለፈ ግቢያችሁ ውስጥ አንድ እንጨት ቀጥ አድርጋችሁ ብትተክሉ ጥላውን ታጡታላችሁ፤ ልጆች ይህን ማየት ይወዳሉ፣ ሞክሩት። መስከረም 13 ገደማ ደግሞ የምድርን ወገብ ተሻግራ ወደ ደቡብ ታልፋለች። ዝናቡ ግን እንደ እሷ ፈጣን አይደለም፤ ጥቂት ሳምንት ወደ ኋላ ይላል። ነፋሱ መጀመሪያ ይረግባል፣ ከዚያም ከምሥራቅ፣ ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል እርጥበት ይዞ ይዞራል፣ ከሰዓት በኋላ ደመናው ወደ ላይ መቆለል ይጀምራል፣ ማታ ማታ ከሩቅ መብረቅ ይታያል፣ ሽማግሌዎችም ከቤታቸው ወጥተው ወደዚያ እያዩ ዝም ብለው ይቆማሉ።

ቦረናዎች ሰማይን የሚያነቡ ሰዎች አሏቸው፤ አያንቱ ይባላሉ። በየወሩ ጨረቃ ከየትኛው የኮከብ ክምችት ጋር እንደምትወጣ እያዩ ቀኑንና ወሩን ይቆጥራሉ፤ ጽሑፍ የለም፣ መዝገብ የለም፣ ሁሉም በጭንቅላት ነው። በዚያ ላይ ዛሬ የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፣ ናይሮቢ ላይ ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካን ወቅት የሚተነብይ ኢክፓክ የሚባል ማዕከል አለ፤ የጥቅምት፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ዝናብ ምን እንደሚመስል በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ይናገራል። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ከአዲስ አበባ «የበጋ ትንበያ» ተብሎ የሚወጣው የእኛንም ሃገያ የያዘ ነውና ስሙን ሰምታችሁ ሬዲዮውን አትዝጉ። በእኔ አስተያየት አያንቱንም ሬዲዮውንም የሰማ ሰው ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም።

ኤልኒኞ የሚባለውንም ሰምታችኋል። የሰላማዊው ውቅያኖስ ውኃ ሲሞቅ የደጋው ክረምት ይሳሳል፣ የእኛ ሃገያ ግን ብዙውን ጊዜ ይበረታል። በ2007 ክረምት ሰሜኑና ምሥራቁ ደርቆ አገር ሲጨነቅ የደቡቡ ቆላ በተከታዩ ሃገያ ዝናብ አግኝቶ ነበር። ውኃው ሲቀዘቅዝ፣ ላኒኛ ሲሆን፣ ነገሩ ይገለበጣል፤ ደጋው ይጠግባል፣ ሃገያም ይቀራል። ስለዚህ ደጋ ላይ ክረምቱ መልካም ነበር ሲባል እኛ በደስታ አናጨበጭብም፤ እንጠይቃለን።

አሁን ወደ ከባዱ ወሬ ልግባ። የ2013 ሃገያ ቀረ። ሰዉ ገናውን ጠበቀ፣ የ2013 ገናም ሳይጥል አለፈ። ከዚያም የ2014 ሃገያ፣ ከዚያም የ2014 ገና፣ ከዚያም የ2015 ሃገያ፤ አምስት ዝናብ በተከታታይ። በአርባ ዓመት የዝናብ መዝገብ ውስጥ እንዲህ ያለ አልታየም ተባለ። በመጀመሪያው ሰዉ ከብት ሸጦ እህል ገዛ፣ በሁለተኛው የከብቱ ዋጋ ወርዶ የእህሉ ወጣ፣ በሦስተኛው የሚሸጥ ከብት መቆም አቃተው፣ ጎረምሶች ሁለት ሆነው የወደቀች ላም ጭራና ቀንዷን ይዘው ያነሱ ነበር፣ ጠዋት ያነሷትን ማታ ደግመው ሊያነሱ ይመጡ ነበር። በሚሊዮን የሚቆጠር ከብት አለቀ። ትላንት መቶ ከብት የነበረው አባወራ ዱብሉቅ መጠለያ ውስጥ በፕላስቲክ ሥር ተቀመጠ። እንግዳ ሲመጣ የሚያቀርበው ወተት በማጣቱ ያፍር ነበር፤ ከረሃቡ ይልቅ ይህ ነበር የሚያንገበግበው።

በዚያ ሁሉ መሐል ግን ኤላዎቹ ነበሩ። ኤላ ማለት በዘመን ብዛት በሰው እጅ የተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድ ነው፤ ዱብሉቅ አለ፣ ጋዮ አለ፣ ሌሎችም አሉ። ወጣቶች ከታች እስከ ላይ አንዱ ከአንዱ ራስ በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ እያቀበሉ ውኃውን ወደ ገንዳው ያወጡታል። ኤላው የጎሳ ነው፣ ተራውን የሚያስከብረው ደግሞ አባ ሄሬጋ የሚባለው ነው፤ ዛሬ የማን ከብት ይጠጣል፣ ነገ የማን፣ ከነገ ወዲያ የማን፤ በድርቅ ጊዜ ከብት በሦስተኛው ቀን ነው የሚጠጣው። አባ ሄሬጋ ተራውን ሲናገር ሀብታም ድምፁን ከፍ አያደርግበትም። ከብቱ ላለቀበት ደግሞ ቡሳ ጎኖፋ አለ፤ ጎሳው ተቀምጦ ይመክርና ከየቤቱ አንዳንድ ላም አዋጥቶ ለተራቆተው ሰው መነሻ ይሰጠዋል። የዚያ ድርቅ ችግር የሰጪውንም በረት ባዶ ማድረጉ ነበር።

ከዚያም በመጋቢት 2015 ዘነበ። ደስታው ሳያልቅ ጎርፉ መጣ፤ ከድርቅ የተረፈውን ቀጭን ከብት ብርድና ጎርፍ የወሰደበትም ብዙ ነው። በ2016 ሃገያ ደግሞ ኤልኒኞው ገብቶ ደቡብና ደቡብ ምሥራቁን ቆላ ውኃ አጥለቀለቀው። ይህን የምነግራችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም፤ በመስከረም የምንሠራው ሥራ ለድርቁም ለጎርፉም የሚሆን መሆን አለበት ለማለት ነው።

እና ምን ይሠራ? መጀመሪያ ኩሬው ይጠረግ። ኩሬው፣ ሃሮ የሚሉት፣ ደርቆ ሳለ፣ ሰውና አህያ መግባት ሲችል፣ ደለሉን አውጥቶ ከአፉ ራቅ አድርጎ መጣል ነው፤ ዝናብ ከመጣ በኋላ የሚጠርገው የለም። የውኃው መግቢያ ላይ እሾህ ይታጠር፤ ከብት ገብቶ እንዳይበጠብጠው። ዝናቡ ወርዶ ኩሬው ሲሞላ ደግሞ ኤላው ያርፋል፤ ከብቱ ላይ ላዩን ይጠጣል፣ የጥልቁ ውኃ ለቦና ይቆያል። ይህን ሥርዓት ያወጡት አባቶች ምሕንድስና አልተማሩም፤ እንደ እኔ ከሆነ ግን ከብዙ ፕሮጀክት ይበልጣል።

ከብቱን በተመለከተ፣ የምትታለበው ከነጥጃዋ በመንደር ትቀራለች፣ ወራ ነው፤ ደረቁና ጎረምሳው ከወጣቶቹ ጋር ራቅ ብሎ ይሄዳል፣ ፎራ ነው። በመስከረም ፎራው የት እንዳለ ማወቅ፣ ሰው ልኮ ግጦሹን ማሳየት፣ ለጥጃ የተከለለውን ካሎ እሾሁን ማደስ ያስፈልጋል። ክትባቱ ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት ይሁን፤ ከዝናብ በኋላ ትንኝና መዥገር ይበዛል፣ መንገዱም ይቆረጣል። የማያሳድጉትን ወይፈን ደግሞ ሥጋው ሳለ መሸጥ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይከፋል፤ ከብት መሸጥ ልጅ የመስጠት ያህል ይከብደዋል፤ ያም ሆኖ በአምስቱ ዝናብ ጊዜ ቀድሞ የሸጠው ነው ቤቱን ያቆመው።

ሌላም ነገር አለ። ከ2004 ጀምሮ በቦረና የከብት መድን ይሸጣል፤ ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ኩባንያ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ጋር የጀመረው ነው። ማንም መጥቶ የሞተች ላም አይቆጥርም፤ ሳተላይት የግጦሹን ልምላሜ ከላይ ያያል፣ ከተወሰነው በታች ከሆነ ይከፈላል። የሚሸጠው ከሁለቱ ዝናብ በፊት ነው፤ በነሐሴና በመስከረም፣ ከዚያም ከጥር ጀምሮ። ዝናብ ከቀረ በኋላ ቢሮ ለሚሄድ ሰው በሩ ዝግ ነው። ክፍያው ሁልጊዜ ከኪሳራው ጋር አይገጥምም፤ የአንዱ ሰፈር ደርቆ የወረዳው አማካይ ለምለም ሊሆን ይችላል፤ ይህንንም አውቆ መግባት ነው።

ስለ ዘር ደግሞ አንድ ቡርጂ ሽማግሌ ጎረቤት ያስተማሩኝን ልንገራችሁ። ቡርጂዎች በሞያሌ የታወቁ ገበሬዎች ናቸው። መስከረም ሲገባ እርሳቸው መሬታቸውን በደረቁ አርሰው ይጠብቃሉ። አንድ ቀን ጠዋት ካፊያ መጥቶ አቧራው ሲበርድ እየሮጥኩ ሄጄ «አባባ፣ እንዝራ?» አልኳቸው። ጎንበስ ብለው እጃቸውን አፈሩ ውስጥ ከተቱ፤ ጣታቸው ሳይሰምጥ ደረቁን ነካ። «ልጄ፣ ይህ ለአቧራው እንጂ ለእኛ አልዘነበም» አሉኝና ወደ ቡናቸው ተመለሱ። ከዚያም ሌላ ደመና መጣ፣ ማታ ጀምሮ እስኪነጋ ጣለ፣ በማግስቱም ደገመ፤ ያኔ ጣታቸው እስከ መዳፋቸው ገባ፣ ከታችም እርጥብ ነበር፣ «አሁን በሬውን አምጣ» አሉ።

እርሳቸው ሃገያን በበቆሎ ብቻ አያምኑትም። ሃገያ አጭር ነው። ቦሎቄ በሦስት ወር ገደማ ይደርሳል፤ በቆሎም ከተዘራ እንደ መልካሳ 1 ያለ በሦስት ወር ግድም የሚደርስ ዘር ነው የሚሆነው፤ ከሐዋሳ ወይም ከባኮ የመጣ ረጅም በቆሎ እዚህ አበባ ላይ ሳለ ዝናቡ ይከዳዋል። በቆሎው በመስመርና በመስመር መካከል 75 ሳንቲ ሜትር፣ ቦሎቄው 40 ይበቃዋል። እርሳቸው ሜትር የላቸውም፣ በክንድ ይለካሉ። ቦዩን ለቁልቁለቱ አግድም ያወጡና በየጥቂት እርምጃው በአፈር ይደፍኑታል፤ ዝናቡ ሲወርድ ውኃው እዚያው ቆሞ ይሰርጋል እንጂ አፈሩን ይዞ ወደ ላጋው፣ ወደ ደረቁ የወንዝ ቦይ፣ አይሄድም። ዘሩን ደግሞ ሁሉንም በአንድ ቀን አይጨርሱም፤ እኩሌታውን በመጀመሪያው ዝናብ፣ የቀረውን ከሳምንት ወይም ከአሥር ቀን በኋላ። ዘር ሲያዘጋጁም 10 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ጥግ ያስቀምጣሉ፤ ስምንት ካልበቀለ ዘሩን ለወጥ ይሰጡታል።

በከተማ ጓሮ ያላችሁትም አልተረሳችሁም። ቲማቲምና ቃሪያውን በመስከረም በጥላ ሥር በመደብ አፍሉት፤ ዝናቡ ሲይዝ ይዛወራል። ሽፈራውን ከሥሩ ከፍ አድርጋችሁ ቁረጡት፣ በዝናቡ አዲስ ያቆጠቁጣል፤ ኮንሶዎቹ ቅጠሉን ዓመቱን ሙሉ ሲበሉ ታያላችሁ። ለሎሚውና ለፓፓያው ዙሪያውን ሰፊ ጎድጓድ አበጁ፣ ደረቅ ሣር አንጥፉበት። የቆርቆሮውን አሸንዳ ዛሬ አስተካክሉ፣ በርሜሉን ከሥሩ አስቀምጡ፣ የመጀመሪያውን ዝናብ የጣሪያው አቧራ ስላለበት አፍስሱት፣ የሁለተኛውን ያዙ፤ ክዳን ግን አትርሱ፣ ክፍት በርሜል የትንኝ ማራቢያ ነው።

ከዚያም ዝናቡ ሲመጣ ደረቅ ላጋ ውስጥ ማንም አይደር፣ መኪናም አይቁም፤ በእናንተ ላይ ሰማይ ጠርቶ ከሩቅ የወረደ ውኃ በሌሊት ሊደርስ ይችላል። ግጦሹ ሲያቆጠቁጥ ከብቱን ወዲያው አትልቀቁበት፤ የተራበ ከብት ለጋ ሣር ላይ ሲወድቅ ይነፋል፣ ሣሩም ሥሩ ሳይጠና ይነቀላል። ቦሎቄው በበቀለ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ይታረም፣ ካበበ በኋላ ግን አትግቡበት፣ አበባው ይረግፋል። በታኅሣሥና በጥር ታጭዱታላችሁ፤ የበቆሎውን አገዳ ሜዳ ላይ አትተዉት፣ ለቦና የላሚቱ ቀለብ ነው፤ እህሉን በደንብ አድርቃችሁ አየር በማያስገባ ከረጢት አፉን አሥራችሁ አስቀምጡ፣ ነቀዙ ውስጥ ታፍኖ ይሞታል። ከፍሬው ትልልቁን ደግሞ ለብቻ ለዩና ልጆች እንዳይቆሉት ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት፤ በመጋቢት ገናው ሲመጣ የምትዘሩት እሱን ነው።